ሰይፉ የሚስተው ለምንድን ነው? የ«ሞሮዊንድ» ጌም ግምገማ ከደሴ

ባለፈው ክረምት የጦሳ ጉም ወርዶ ደሴን ከቀትር በኋላ በሚሸፍንበት ሰሞን፣ የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት ከኮምቦልቻ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ልጁ ያደገው ፕሌይስቴሽን ቤት እየሄደ የኳስ ጌም በመጫወት ስለሆነ፣ ቁልፉን በጊዜው የተጫነ ሰው ጎል እንደሚያገባ፣ የዘገየ ደግሞ እንደሚሸነፍ አምኖ የኖረ ነው። በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ የጫንሁትን «ሞሮዊንድ» ከፍቶ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጠረና፣ በመነሻው መንደር አጠገብ ወዳለው ዋሻ እየሮጠ ገብቶ ከአንድ ሽፍታ ጋር ተጋጠመ። የያዘው ጩቤ በሽፍታው ደረት ውስጥ ሲያልፍ በዓይን ይታያል፤ ነገር ግን ሽፍታው አይቆስልም። ደጋግሞ ሰነዘረ፣ ደጋግሞ ሳተ፣ በመጨረሻም ሞተ። «አጎቴ፣ ይኸ ጌም ተበላሽቷል፤ እየወጋሁት አይወጋም» አለኝ። «አብሽር፣ ጌሙ ደኅና ነው፤ ለዚህ ውጊያ ያልተዘጋጀው የፈጠርኸው ሰውዬ ነው» አልሁት። ብዙ ሰው ይህን ጌም በመጀመሪያው ሰዓት የሚተወው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ እኔም ጌሙን ከልቤ ስለምወደው፣ የቁጥሮቹንና የውጊያውን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልገመግመው ወሰንሁ።

ሙሉ ስሙ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ 3፦ ሞሮዊንድ» ነው። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2002 ለኮምፒውተርና ለኤክስቦክስ አወጣው፤ «ትሪቡናል» የተባለው ተጨማሪ ክፍል በዚያው ዓመት፣ «ብለድሙን» የተባለው ደግሞ በ2003 ተከተሉት፤ አሁን የሚሸጠው እትም ሦስቱንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ተጫዋቹ በእስረኛነት በመርከብ ተጭኖ፣ መካከሏ ላይ እሳተ ገሞራ ወዳለባት ቭቫርደንፌል ወደምትባል ደሴት ይመጣና ሴይዳ ኒን በተባለች ረግረጋማ መንደር ይወርዳል። 87 ወርቅና ለአንድ ሰው የሚያደርሰው ጥቅል ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ እጁን ይዞ የሚመራው ቀስት ወይም ምልክት የለም። ሰዎቹ መንገድ የሚያመለክቱት በእኛ አገር ገጠር እንደሚደረገው ሁሉ «ድልድዩን ስትሻገር ወንዙን በግራህ አድርገህ ሽቅብ ውጣ» በሚል ዓይነት አነጋገር ነው። ይህ አሠራር እጅግ ደስ ቢለኝም፣ የተነሣሁበት ጉዳይ ውጊያው ስለሆነ አልቆይበትም።

ችግሩ የሚጀምረው ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት፣ የመንደሯ መዝጋቢዎች «ማን ነህ?» ብለው በሚጠይቁበት ቢሮ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ከ10 ዘሮች አንዱን፣ ከ21 የተዘጋጁ የሙያ መደቦች አንዱን ወይም ራሱ የሚያዋቅረውን መደብ፣ ከ13 የልደት ኮከቦችም አንዱን ይመርጣል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ 8 መሠረታዊ ባሕርያት አሉት፤ እነርሱም ጉልበት፣ አእምሮ፣ ቁርጠኝነት፣ ቅልጥፍና፣ ፍጥነት፣ ጽናት፣ ግርማ ሞገስና ዕድል ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ከረጅም ሰይፍ አያያዝ እስከ መድኃኒት ቅመማ የሚደርሱ 27 ሙያዎች አሉ። ከሙያዎቹ 5ቱ ዋና ሆነው ከ30 ይጀምራሉ፣ 5ቱ ንዑስ ሆነው ከ15 ይጀምራሉ፣ የቀሩት 17ቱ ደግሞ ከ5 ብቻ ይነሣሉ፤ ዘሩና የመደቡ ዝንባሌ የሚጨምሩት ነጥብ በዚህ ላይ ይደመራል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ የቢሮ ቅጽ ይመስላል፤ ጀማሪውም እንደ ቢሮ ቅጽ ቶሎ ሞልቶት ያልፋል። ይሁን እንጂ በ30 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት በሚቀጥሉት ብዙ ሰዓታት ውስጥ የሚሞተውንና የሚተርፈውን የሚለይ ነው።

የእኅቴ ልጅ የመረጠው ብሬተን የተባለውን ዘርና «ናይት» የተባለውን የጦረኛ መደብ ነበር። የዚህ መደብ ዋና ሙያ ረጅም ሰይፍ ነው። ከመዝገብ ቢሮው ሲወጣ ግን ጠረጴዛ ላይ አንድ የብረት ጩቤ ያገኛል፤ ማንኛውም ጀማሪ እንደሚያደርገው አንሥቶ ታጠቀው። በዚህ ጌም ውስጥ ጩቤ የሚቆጠረው በአጭር ስለት ሙያ ሥር ሲሆን፣ ለዚህ ልጅ ጦረኛ አጭር ስለት ከ5 ከሚነሡት ሙያዎች አንዱ ነው። ማጭድ የለመደ እጅ እርፍ ቢያስጨብጡት ወዲያው ቀጥ ያለ ትልም እንደማያወጣ ሁሉ፣ በረጅም ሰይፍ የሠለጠነ ሰውም ጩቤ ሲይዝ እንደ ጀማሪ ይሆናል። ጌሙ ይህን በደንብ አስቦ ያደረገው ነው፤ ሆኖም ጩቤውን ሲያነሣ «ይህ ላንተ አይሆንም» የሚለው አንድም ሰው የለም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ፤ የጌሙ ምሥጢር ሁሉ እዚህ ስላለ አንባቢ እንዲታገሠኝ እጠይቃለሁ። አንድ ምት የሚያርፍበት ዕድል የሚገኘው እንዲህ ነው፦ የተያዘው መሣሪያ ሙያ ነጥብ፣ የቅልጥፍና አንድ አምስተኛና የዕድል አንድ ዐሥረኛ ይደመራሉ፤ ድምሩም በተዋጊው የብርታት መጠን ይባዛል። ብርታቱ ሙሉ ከሆነ ማባዣው 1.25፣ ፈጽሞ ካለቀ ደግሞ 0.75 ነው። ከዚህ ላይ የጠላት የማምለጥ ችሎታ ይቀነሳል፤ ይህም የጠላት ቅልጥፍና አንድ አምስተኛና የዕድሉ አንድ ዐሥረኛ ተደምሮ፣ በራሱ በጠላት የብርታት መጠን ተባዝቶ የሚገኝ ነው። የልጁ ጦረኛ በጩቤ 5፣ በቅልጥፍና 30፣ በዕድል 40 ነበረ። 5 እና 6 እና 4 ተደምረው 15 ይሆናሉ። ሳይደክም ቢገባ ኖሮ 18.75 ይሆንለት ነበር፤ እርሱ ግን ሮጦ ደክሞ ስለገባ ወደ 11 ወረደ። ሽፍታው ቅልጥፍናውም ዕድሉም 40 ሆኖ፣ ዐርፎ የተቀመጠ ነው ብንል የማምለጥ ችሎታው 15 ይሆናል። ሳይደክም የገባው ጦረኛ እንኳ ከመቶ ሰንዝሮ የሚያገኘው 4 ያህሉን ብቻ ነው፤ የደከመው ግን ምንም ተስፋ የለውም። እንግዲህ ልጁ «እየወጋሁት አይወጋም» ያለው ፍጹም እውነት ነበር። እጁና ዓይኑ አልሳቱም፤ የሳተው በስክሪኑ ላይ በማይታይ ዕጣ የሚመራው ሰውዬ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ተጫዋቾችን ያሳስታል ብዬ የማምነው አንድ ቃል ነው። በስክሪኑ ታችኛው ጥግ ሦስት መስመሮች አሉ፦ ቀዩ ሕይወት፣ ሰማያዊው የአስማት ኃይል፣ አረንጓዴው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ፋቲግ» የተባለው ነው። ቃሉን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው «ድካም» ብሎ ይተረጉመዋል። መስመሩ እየጎደለ ሲሄድም «ድካሜ ቀነሰ፣ እየበረታሁ ነው» ብሎ ያስባል፤ እኔ ራሴ ለብዙ ቀን እንዲያ አስብ ነበር። እውነታው ተቃራኒ ነው። አረንጓዴው መስመር የሚለካው የቀረህን ብርታት ስለሆነ፣ ሲሞላ ዐርፈሃል፣ ሲጎድል ደክመሃል ማለት ነው። «ፋቲግ» የሚለውን እየረሳሁ በልቤ «ፋታ» እያልሁ ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ ግን አልተሳሳትሁም፤ መስመሩ ሙሉ ከሆነ ፋታ አለህ፣ ባዶ ከሆነ ፋታ አጥተሃል።

ይህ መስመር በሩጫ ይጎድላል፤ በዝላይና መሣሪያ በመሰንዘርም እንዲሁ። ቆሞ በመጠበቅ ወይም በቀስታ በመራመድ ቀስ እያለ ይመለሳል። ጀማሪ ሁሉ ከመንደር እስከ ዋሻ የሚሄደው በሩጫ ስለሆነ፣ ከጠላቱ ፊት የሚደርሰው አረንጓዴው መስመር ባዶ ሆኖ ነው። የጦሳን ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው ጫፍ ላይ እንደ ደረሰ ዱላ ይዘው ቢጠብቁት ምን ያህል ሊከላከል እንደሚችል የደሴ ሰው አይጠፋውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሽን መሰብሰብ ነው። ጌሙ ለዚህ የሚረዳ ሌላም መላ አለው፦ ዳቦና «የጨው ሩዝ» የተባለውን እህል በሙቀጫ ቀይጦ ብርታት የሚመልስ መድኃኒት ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሙያውም እየሠሩት ያድጋል።

ምቱ ካረፈ በኋላ ደግሞ ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የመሣሪያው ጉዳት ከጉልበት ጋር ይባዛል፤ ጉልበት 50 ሲሆን መሣሪያው የተጻፈበትን ያህል ይጎዳል፣ 100 ሲሆን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፣ ከ50 በታች ሲሆን ግን ይቀንሳል። የማውሱን ቁልፍ ነካ አድርጎ መልቀቅ ትንሹን ጉዳት፣ ተጭኖ ጥቂት ቆይቶ መልቀቅ ትልቁን ጉዳት ያመጣል። እንደ እግሩ አካሄድ ተጫዋቹ ይፈልጣል፣ ይቆርጣል ወይም ይወጋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ከሦስቱ በአንዱ ይበልጣል። ይህን ሁሉ በውጊያ መካከል ማስታወስ የሚያስቸግር ስለሆነ፣ በማስተካከያው ገጽ ላይ «ሁልጊዜ የተሻለውን ምት ተጠቀም» የሚለውን ምርጫ መክፈት ይበጃል። በአስማት ለመዋጋት የሚያስብ ሰውም ከስሌቱ አያመልጥም፤ የአስማቱ ሙያ እጥፍ፣ የቁርጠኝነት አንድ አምስተኛና የዕድል አንድ ዐሥረኛ ተደምረው የአስማቱ ዋጋ ይቀነስላቸዋል፤ የቀረው በዚያው በአረንጓዴው መስመር ይባዛል። የደከመ ጠንቋይም ይስታል፤ የከሸፈው አስማት ኃይሉን በልቶ ስለሚቀር ኪሳራው እንዲያውም የከፋ ነው።

ደረጃ ስለማሳደግ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ተጫዋቹን ከጨዋታ ወደ ሒሳብ መዝገብ ስለሚያዞረው፣ እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ዋናና ንዑስ ሙያዎች በድምሩ 10 ጊዜ ሲያድጉ ተጫዋቹ ተኝቶ ሲነሣ አዲስ ደረጃ ያገኛል፤ ከ8ቱ ባሕርያትም 3ቱን መርጦ ያሳድጋል። በዚያ ደረጃ ውስጥ ከባሕርዩ ጋር የተያያዙ ሙያዎች ስንት ጊዜ እንዳደጉ ታይቶ ጭማሪው ይወሰናል፤ 10 ጊዜ ካደጉ 5 ነጥብ፣ 8 ወይም 9 ከሆነ 4፣ ከ5 እስከ 7 ከሆነ 3፣ ከ1 እስከ 4 ከሆነ 2፣ ጭራሽ ካላደጉ 1 ነው። ዕድል ብቻ ሁልጊዜ በ1 ያድጋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ሦስቱንም ባሕርያት በ5 ለማሳደግ ሲሉ እያንዳንዱን ዝላይና እያንዳንዱን የሰይፍ ምት እየቆጠሩ በወረቀት የሚጽፉ ተጫዋቾች አሉ። እኔ ይህን አልመክርም፤ ጌሙ ያለዚያም የሚያልቅ ሲሆን ቆጠራው ደስታውን ይወስዳል። ቸል የማይባለው አንድ ባሕርይ ብቻ ነው፤ እርሱም ጽናት ነው። መነሻ ሕይወት የጉልበትና የጽናት ድምር ግማሽ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚጨመረው ሕይወት በጊዜው ያለው ጽናት አንድ ዐሥረኛ ነው። ያለፈው ወደ ኋላ ተመልሶ አይታሰብም። በጽናት 40 ላይ ዐሥር ደረጃ ያደገ ሰው 40 ሕይወት ያገኛል፤ በ80 ላይ ያደገው 80 ያገኛል፤ የመጀመሪያው በኋላ ጽናቱን 100 ቢያደርሰው እንኳ ያጣው 40 አይመለስለትም። ስለዚህ ጽናትን በጊዜ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ከባድና መካከለኛ የጦር ልብስ፣ እንዲሁም ጦር፣ ከጽናት ጋር የተያያዙ ሙያዎች ስለሆኑ ለዚህ ይረዳሉ።

በሴይዳ ኒን ዙሪያ ከመንከራተት ይልቅ «ስልት ስትራይደር» በተባለው ግዙፍ ተባይ ተሳፍሮ ወደ ባልሞራ ከተማ መሄድ ይሻላል። እዚያ የተዋጊዎችና የጠንቋዮች ማኅበራት አሉ፤ አባል መሆን ገንዘብ አይጠይቅም፣ በክፍያ ሙያ የሚያስተምሩ ሰዎችም አሉባቸው። የተዋጊዎች ማኅበር የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ በአንዲት ሴት ቤት የገቡ አይጦችን መግደል ነው። አንዳንዱ ተጫዋች ዓለምን ሊያድን መጥቶ አይጥ ግደል መባሉን እንደ ንቀት ያየዋል፤ ለእኔ ግን በሙያው 30 የሆነ ሰው በትክክል የሚመጥነው ሥራ ይኸው ነው። ጥቅሉ የሚደርሰው የባልሞራው ሰውዬም ወዲያው ወደ ትልቁ ጉዳይ አይልክህም፤ መጀመሪያ ሌላ ሥራ ፈልገህ ልምድ አካብት ብሎ ይመክርሃል። ይህን ምክር ብዙዎች ጠቅ አድርገው ያልፉታል፤ ጌሙ ስለ ቁጥሮቹ በግልጽ የተናገረበት ብቸኛ ቦታ ነው ብዬ ስለማምን ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል።

ጌሙን እየወደድሁትም የምነቅፈው ነገር አለ። ምቱ የሚያርፍበት ዕድል ከመቶ ስንት እንደሆነ በየትኛውም ገጽ ላይ አይጻፍም። ለአስማት ግን ይጻፋል፤ አስማቱ የሚሳካበት ዕድል ከስሙ አጠገብ ይታያል። ለሰይፉም እንዲሁ ቢደረግ ኖሮ የእኅቴ ልጅ ጩቤውን በታጠቀባት ደቂቃ ስሕተቱን ያውቅ ነበር። የሚስተው ምትም ከሚያርፈው ምት በእንቅስቃሴ አይለይም፤ ጠላት ጎንበስ ብሎ ሲያመልጥ ወይም በጋሻው ሲመክት ቢታይ ስሌቱን ባናውቀው እንኳ ዓይናችን ያምን ነበር። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ተከታዩ ጌም «ኦብሊቪየን» ይህን ዕጣ ከሰይፍ ውጊያ አስወግዶ የነካ ምት ሁሉ እንዲያርፍ አደረገ፤ በ2011 የወጣው «ስካይሪም» ደግሞ 8ቱን ባሕርያት ጨርሶ ሠረዛቸው። ሁለቱም ለጀማሪ የሚቀሉ ናቸው፤ ቢሆንም በእነርሱ ውስጥ ሙያ ማደጉ በእጄ ላይ ያን ያህል አይሰማኝም። በሞሮዊንድ አስቀድሞ ዐሥር ጊዜ ሰንዝሮ አንድ የሚያገኘው እጅ፣ ከሳምንታት በኋላ ዐሥር ሰንዝሮ ዘጠኝ ሲያገኝ፣ ዕድገቱ በቁጥር ሳይሆን በድምፁ ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ ከሰማይ እየወረደች ያስጨነቀችኝ «ክሊፍ ሬሰር» የተባለች በራሪ አውሬ በኋላ በአንድ ምት ስትወድቅ ያገኘሁትን እርካታ ሌላ ጌም አልሰጠኝም።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። ጌሙ «ስቲም» እና «ጎግ» በተባሉ የኢንተርኔት ሱቆች ይሸጣል፤ ከዚህ ሆኖ በካርድ መክፈል ስለሚያስቸግር ለእኔ የገዛልኝ በውጭ የሚኖር ዘመዴ ነው። ከዘመኑ ጌሞች ጋር ሲነጻጸር ፋይሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለማውረድም ለመጫንም አያስቸግርም፤ ለጌም ተብሎ ያልተሠራ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ጌሙን ከገዙ በኋላ «ኦፕን ኤም ደብሊው» በተባለው ነጻ ፕሮግራም ማጫወት ይቻላል፤ ለአዲስ ስክሪን ይስማማል። እንግሊዝኛ ማንበብ ግድ ነው፤ ንግግሩ ሁሉ ማለት ይቻላል በጽሑፍ ስለሆነ ማንበብ የማይወድ ሰው አይገዛው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት የሚጫወት ሰው «ኤፍ 5» የሚለውን ቁልፍ በየበሩ መጫን ይልመድ፤ ጨዋታው እዚያው ይቀመጣል። ውጊያው ከብዶት ታሪኩን ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው የክብደት ማስተካከያ አለ፤ እርሱን ዝቅ ማድረግ ነውር አይደለም፣ ሆኖም መጀመሪያ መሣሪያውንና ሙያውን ያስማማ።

የእኅቴ ልጅ በማግስቱ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ ላፕቶፑን እንደገና ከፈተ። ይህን ጊዜ ቅጹን አብረን ሞላነው። ሬድጋርድ የተባለውን ዘር መረጠ፤ ይህ ዘር ለረጅም ሰይፍ 15 ይጨምራል። ረጅም ሰይፍን ዋና ሙያ አደረገው፤ ከመደቡ የውጊያ ዝንባሌ የሚመጣው 5 ሲጨመርበት 50 ሆነ። ለኮከብ እኔ ጽናትን በ25 የምታሳድገውን «እመቤቲቱን» መከርሁት፤ እርሱ ግን የምት ዕድልን በ10 የሚጨምረውን «ጦረኛውን» መረጠና ተውሁት፤ ገጸ ባሕርዩ የእርሱ ነው። ወረቀት አምጥቶ ራሱ አሰላው፦ 50 እና 8 እና 4፣ በ1.25 ሲባዛ 77.5፤ የሽፍታው 15 ሲቀነስ፣ የኮከቡ 10 ሲጨመር 72.5። ረጅም ሰይፍ ይዞ፣ እስከ ዋሻው በእግር ሄዶ፣ በሩ ላይ አረንጓዴው መስመር እስኪሞላ ቆሞ ጠበቀ። የመጀመሪያው ምት አረፈ፤ ሁለተኛው ሳተ፤ ሦስተኛውና አራተኛው አረፉ። ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ እያሸነፈ፣ በየመካከሉ እያረፈ ወደ ታች ወረደ። በስተመጨረሻ ባሪያ ነጋዴዎች ከነበሩት ሽፍቶች ከአንዱ ላይ ቁልፍ አገኘ፤ የድመትና የእንሽላሊት መልክ ያላቸው ባሪያዎች ወደ ታሰሩበት በር ሄዶ አንድ በአንድ ፈታቸው። «አጎቴ፣ ትናንት እኮ እነዚህ እዚህ መኖራቸውን እንኳ አላውቅም ነበር» አለኝና «ኤፍ 5»ን ተጫነ።